ከዜጌ ነው፣ ከፎገራ ነው፣ ወይስ ከቨርጂኒያ? የልጁ እግር ላይ የወጣው ቀይ ክብ

እናት_ከሽምብጥ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ እናቶችም የጤና ባለሙያዎችም እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ፣ ቤታችን እንቅልፍ አጥቷል።

እህቴ ለክረምቱ ልጇን ይዛ ከቨርጂኒያ መጥታለች። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፣ የኔዋ አምስት ልትሞላ ነው። ቅዳሜ በጀልባ ዜጌ ወሰድናቸው፣ ቡናው ውስጥ ሲሯሯጡ ዋሉ። እሑድ ደግሞ ፎገራ አያታቸው ቤት ሄድን። እዚያማ ከበረት የሚያወጣቸው ጠፋ፤ ጥጃ ካላቀፍን ብለው አስቸገሩን። ሰኞ ማታ የልጄን ሹሩባ ስፈታ ከጆሮዋ ጀርባ መዥገር ተጣብቆ አገኘሁ። በወረንጦ ነቀልኩት። ቦታው ቀላ ብሏል እንጂ ሌላ ምንም የላትም፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች።

ያሳሰበን የወንዱ ነው። ማክሰኞ ሲታጠብ ከጉልበቱ ጀርባ ክብ ቀይ ነገር አየን። ዛሬ ሰፍቷል። መሀሉ ቀላ ያለ ነው፣ ቀጥሎ ነጣ ይላል፣ ዳር ዳሩ እንደገና ቀይ ነው። አያሳክከውም። ትናንት ማታ ትንሽ አተኮሰው። ሰፈራችን ያለ ፋርማሲ «ጭርት ነው» ብለው ቅባት ሰጡን። እህቴ ግን «ይሄማ ላይም የሚባለው የመዥገር በሽታ ነው፣ የሕፃናት ሐኪማችን ግድግዳ ላይ ፎቶውን አይቸዋለሁ» እያለች ታለቅሳለች። የኔንም ልጅ መድኃኒት አስጀምሪያት ብላ ይዛኛለች። እዚህ አገር ላይም የሚባል አለ ወይ? ሁለቱንም የነከሳቸው አንድ ዓይነት መዥገር ነው?


እትዬ_ጣና
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡58

አይ ልጄ፣ በመዥገር ደግሞ እንቅልፍ ይታጣል? እኛ ከብት ስንጠብቅ ከብብታችን ሥር እየለቀምን ነው ያደግነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ቅቤ ትቀባልን ነበር፣ ሲታፈን ራሱ ይለቃል። አልለቅም ካለ ላምባ ጠብ ማድረግ ነው። የልጁም ጭርት ነው። ነጭ ሽንኩርት እሹለት፣ በሳምንቱ ይጠፋል።


ፎገሬው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

እትዬ ልክ ናቸው። እኔ ወረታ ነኝ፣ በረት ገብቶ መዥገር ያልያዘው ልጅ የለም። ለከብቶቹ የምንረጨው መድኃኒት አለ፣ ለዚሁ የተሠራ ነው። አንድ ቆርኪ በባልዲ ውሃ በጥብጠሽ የልጅቷን ፀጉር እጠቢላት፤ የቀረ ካለም ይረግፋል።


የከብት_ሐኪም
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡11

ፎገሬው ወንድሜ፣ ይሄን ጽሑፍህን አሁኑኑ አጥፋው። ማንም እናት ሌሊት አንብባ እንዳትሞክረው።

የምትለው ዲያዚኖን የሚባለው የተባይ መርዝ ነው፤ ወይም የሱ ዘመድ። በቆዳ ይገባል፣ በሕፃን የራስ ቆዳ ደግሞ የበለጠ። ልጁ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ያስታውከዋል፣ ከዚያ ትንፋሹ ያጥራል። ከብቱን የሚረጨው አዋቂ ራሱ ጓንት ማድረግና ነፋሱን ለጀርባው ሰጥቶ መቆም አለበት። ለቅማል ብለው፣ ለእከክ ብለው ልጆቻቸውን በዚህ ያጠቡ ወላጆችን አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን የሸጥኩላቸው ለላሞቻቸው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የተደረገበት ልጅ ካለ ልብሱን አውልቃችሁ፣ በብዙ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ለጥያቄው ነገ ሰፋ አድርጌ እመለሳለሁ። ለአሁኑ፦ ልጅቷ ላይ የተገኘው መዥገርና የወንዱ ልጅ ክብ አንድ ነገር አይመስሉኝም።


ፎገሬው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ዶክተር ይቅርታ፣ በቅንነት ነው። ለማጥፋት ሞክሬ እምቢ አለኝ። አወያይ አጥፋልኝ።


አወያይ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡34

ማስጠንቀቂያው እንዲነበብ ሁለቱንም ትቻቸዋለሁ። እባካችሁ ከዚህ በኋላ የመድኃኒት መጠን እዚህ አትጻፉ፤ የሰው መድኃኒትም ቢሆን።


ሲስተር_ዘ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

እህቴ፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ፎቶ ሳላይ ይሄ ነው አልልሽም፣ ግን የጻፍሽው ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ፦ እስክሪብቶ ወስደሽ የክቡን ዳር ዙሪያውን አስምሪበት፣ ሰዓቱን ጻፊበት። ነገ ከመስመሩ ካለፈ ሐኪሙ በዓይኑ ያየዋል። ከፋርማሲ የተሰጣችሁን ቅባት አቁሙ፤ አንዳንዱ ውስጡ ስቴሮይድ አለበት፣ ቁስሉን ያደበዝዘውና ሐኪሙ ምን እንደነበር መለየት ያቅተዋል።

ጭርት ዳሩ ሻካራ ነው። በጣትሽ ስትነኪው ቅርፊት ቅርፊት ይልሻል፣ ብዙውን ጊዜ ያሳክካል፣ በቀን ውስጥም ይሄን ያህል አይሮጥም። የላይም ክብ ለጥ ያለ ነው፣ አይቀረፍም፣ ባብዛኛው አያሳክክም፣ በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል፤ 5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። እጅሽን አሳርፊበትና ንገሪኝ።

አሁን የሚቀጥለው ጥያቄ ለእህትሽ ነው። ከአሜሪካ የወጣችሁት መቼ ነው? ከመምጣታችሁ በፊት ልጁ ሣር ላይ፣ ጫካ ዳር ውሎ ነበር? ደግሞ እናንተ ቤት ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ ልጁ የወባ መከላከያ እየወሰደ ነው? አተኮሰው ስላልሽ ነው።


ተራ_ዜጋ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡15

እኔ አንዳንዴ እዚህ መድረክ ላይ የማነበው ይገርመኛል። ፎገራ ሜዳ ላይ ልጅ በወባ እየተያዘ እኛ የፈረንጅ መዥገር እናወራለን። ወባ አስመርምሩት፣ አለቀ።


ከወደ_ቨርጂኒያ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡31

የልጁ እናት ነኝ፣ እህቴ ስልኳን ሰጥታኝ ነው። ሲስተር እግዜር ይስጥሽ።

የወጣነው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከመጣን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ቤታችን ጀርባ ጫካ አለ፣ አጋዘን እስከ ደጃፋችን ይመጣል። ከመነሳታችን በፊት ባለው ሳምንት ልጆቹ ተሰብስበው በየቀኑ እዚያው ዳር ይጫወቱ ነበር። ማታ ማታ ሰውነቱን አየዋለሁ፣ ሁላችንም እናያለን፣ መዥገር ግን አላገኘሁበትም። ለዚህ ነው ከዜጌ ነው ያልነው። የወባውን መድኃኒት በየቀኑ እየሰጠሁት ነው፣ ግን ሁለት ጊዜ ተፍቶብኛል፣ ይመራል።

ዳሩን ነካሁት። ለስላሳ ነው። ቅርፊት የለውም።


ሜሪላንድ_ነኝ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡44

እታለም አይዞሽ። እኔም ጎረቤትሽ ነኝ፣ የኔ ልጅ አምና ይዞት ነበር። እኔም መዥገር የሚባል በዓይኔ አላየሁም! ሐኪማችን እንዳስረዳችን፣ በግንቦትና በሰኔ ሰው ላይ የሚወጣው ትልቁ ሳይሆን ገና ያላደገው ነው፤ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ልጅ ሰውነት ላይ፣ ያውም ከጉልበት ጀርባ፣ በምን ይታያል? ጠግቦ በራሱ ይወድቃል፣ አንቺ አታውቂም።

የኔ ልጅ ክቡ ብብቱ ሥር ነበር የወጣው። ሐኪሟ አይታ ደም እንኳ አልቀዳችም፣ እንዲያው አሞክሳሲሊን ጻፈችለት። «ደሙ ገና ነው፣ ክቡ ይበቃኛል» አለችኝ። ዳነ፣ ዛሬ ቤት ያፈርሳል። እዚያው አገር ቤት ሆነሽ አሳክሚው፣ ትኬት አትቀይሪ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የጓደኛዬ ልጅ ክብ አልወጣላትም ወይም አላዩትም፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ግማሽ ፊቷ ተንጋዶ ተነሳች። አያትየዋ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ ልታሽላት ነበር። ላይም ነበር። ይሄን የምልሽ እንድትፈሪ አይደለም፣ ልጅ ክረምቱን እዚያ ከርሞ ፊቱ ቢጣመም ወይ አንድ ጉልበቱ ብቻ ቢያብጥ ለሐኪሙ «ከየት እንደመጣን» ተናገሪ ለማለት ነው።


ዝም_ብዬ_አንባቢ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ከርዕሱ ልውጣና፣ ለዜጌ ጀልባው ስንት ከፈላችሁ? ሐምሌ ላይ ዋጋ ይቀንሳሉ ሲሉ ሰምቼ ነው።


አወያይ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡25

ወንድሜ፣ ለሱ ሌላ ክር አለ።


የከብት_ሐኪም
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ቃል በገባሁት መሠረት። ሥራ ሳልገባ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል።

የላይም ጀርም ከሰው ወደ ሰው፣ ከከብትም ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚያመጣው የተወሰነ የመዥገር ወገን ነው፤ ኢክሶደስ ይባላል። ላይም የሚያስተላልፉት ዓይነቶቹ የሚኖሩት በዋናነት በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስያ ቀዝቃዛና እርጥብ ጫካ ውስጥ ነው። ትንሹ ጀርሙን ከአይጥ ይወስዳል፣ ትልቁ አጋዘን ላይ ይራባል። ጣና ዙሪያ ከብት ላይ ስሠራ የምለቅማቸው እነዚህ አይደሉም። የኛዎቹ ሌሎች ናቸው። አንደኛው ቡፊለስ የምንለው፣ ግራጫ ሰማያዊ፣ መሬት ላይ ተፈልፍሎ ላም ላይ የሚወጣ፣ እዚያው ላም ላይ አድጎ ጠግቦ የሚወድቅ፤ ሰው ብዙም አይነካም። ሁለተኛው አምብሊዮማ ነው። ወንዱ ጀርባው ላይ ቢጫና ቀይ ቀለም አለው፣ ሴቷ ስትጠግብ ከአውራ ጣት ጥፍር ትበልጣለች። ይሄኛው አፉ ረጅም ነው፣ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ሰውም ይነክሳል። ሲነቅሉት አፉ ተቆርጦ የሚቀረውም የሱ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ። ዜጌ በልማድ በሬ አይጠመድበትም፣ ከብትም እንደ ሌላው አገር አይረባበትም። እዚያ ፈጽሞ መዥገር የለም አልልም፤ ውሻ አለ፣ ጦጣ አለ። ግን እሑድ በረት ውስጥ ጥጃ ሲያቅፉ ከዋሉ፣ ሰኞ ማታ ከጆሮ ጀርባ የተገኘውን መዥገር ዜጌ ላይ መለጠፍ ምን አመጣው? የፎገራው ነው። ክረምት ሲገባ የሚበዛበት ወቅትም ነው።

የወንዱን ልጅ ክብ ደግሞ በቀን አስሉት። መዥገር በነከሰ በማግስቱ የሚወጣ መቅላት የምራቁ ቁጣ ነው፣ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፣ በሁለት ቀን ይከስማል። የላይም ክብ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ብዙውን ጊዜ ሳምንት አካባቢ። መዥገሩም እንዲሁ ነክሶ ወዲያው አያስተላልፍም፤ አንድ ቀን ሙሉና ከዚያ በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። እሑድ በረት የገባ ልጅ ማክሰኞ እንዲህ ያለ ክብ አያወጣም። ቨርጂኒያ ጫካ ዳር የዋለበትን ሳምንት ስትቆጥሩ ግን ልክ ይመጣል። በኔ አስተያየት ልጁ በሽታውን ይዞት ነው አውሮፕላን የተሳፈረው። የፎገራ በረት በዚህኛው ነፃ ነው።

የሰው ሐኪም አይደለሁም፣ ምርመራውን ለሲስተር እተዋለሁ።


ተራ_ዜጋ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡52

ስለዚህ እዚህ መዥገር ምንም አያደርግም ማለት ነው? ይኸው እትዬ ልክ ነበሩ።


የከብት_ሐኪም
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡04

እንዲያ አልወጣኝም። አምብሊዮማ የራሱ ጣጣ አለው፣ የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት የሚባል። ጀርሙ ሪኬትሲያ አፍሪኬ ነው። ከተነከሱ ሳምንት አካባቢ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የሰውነት ቁርጥማት ይመጣል፤ የተነከሰበት ቦታ ላይ መሀሉ ጥቁር የሆነ ቅርፊት ይወጣል፣ አንዳንዴ ከአንድ በላይ፤ በአቅራቢያው ያለ ንፍፊት ያብጣል። ባብዛኛው ቀላል ነው። ከብት ጋር ያደገ ሰው በልጅነቱ ይዞት ሳያውቀው ያልፋል፤ የሚጋደመው ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው።

ይሄን ሳነሳ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ታሪክ አለ። የላይምን ጀርም ያገኘው ዊሊ ቡርግዶርፈር የሚባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ተመራማሪ ነው፣ አሜሪካ ሞንታና ውስጥ የሚሠራ፤ ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የታተመው፣ ጀርሙም በስሙ ቦሬሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምሯል! እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ሥራቸው የወረርሽኙ ታይፈስ ጀርም መዥገሮቻችን ውስጥ ይኖር እንደሆነ ፍለጋ ነበር። እሱን አላገኙም። ከአምብሊዮማ ያገኙት ሌላ ሪኬትሲያ ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለው ወገን ሆኖ ተገኘ። የእናንተ ቤት ሁለቱ ልጆች የተጋሩት መዥገር የለም፤ ሁለቱንም መዥገሮች በማይክሮስኮፕ ያየ አንድ ሰው ግን ነበረ።


ሜሪላንድ_ነኝ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ዶክተር ታሪክ ካነሱ እኔም ልጨምር፣ የሐኪማችን ቢሮ ብሮሹር ላይ አንብቤው ነው። ላይም ኮነቲከት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ የሕፃናት ሪህ እየተባሉ ሲታከሙ፣ ነገሩ አልዋጥ ያላቸው እናቶች ናቸው። ፖሊ መሬይ የምትባል እናት የታመሙትን ስም እየመዘገበች ይዛ ጤና ቢሮውን ወጠረች፣ በ1975 ተመራማሪዎች ተላኩ፣ ከዚያ ነው ሁሉም የመጣው። ለእህትሽ ንገሪያት፣ አልቅሳ ብቻ አትቅር።


ላብራቶሪ_ባሕርዳር
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ስለ ደም ምርመራው አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው።

የላይም ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም፤ ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው የሚፈልገው። ያ ደግሞ እስኪሠራ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ክቡ በወጣ ሰሞን ደሙ ኔጌቲቭ ቢል «የለበትም» ማለት አይደለም። ምርመራው ቅርብ ተገኘም አልተገኘ፣ ክቡ ግልጽ ከሆነና ልጁ ከቦታው ከመጣ ሐኪም በዓይኑ አይቶ ማከም ይችላል። ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባ መሮጥ አያስፈልግም።

እዚህ በየቀኑ ማይክሮስኮፕ ሥር የማየው የላይም ዘመድ ሌላ ነው፣ የሚያገረሽ ትኩሳት። ለወባ ብለን በቀባነው ስላይድ ላይ በቀይ የደም ሴሎች መካከል ቀጭን፣ የተጠማዘዘች ሆና ትታያለች። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ናት፤ በመዥገር ሳይሆን በልብስ ቅማል ነው የምትተላለፈው። የቀን ሠራተኞች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ቤት፣ ቅያሪ ልብስ በሌለበት ትበዛለች። የላይሟ ግን ደም ውስጥ እንዲህ አትገኝም፣ ስላይድ አይቼ «ላይም የለም» ብል አትመኑኝ።

ደግሞ እባካችሁ፣ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመለስበት ነገር ይብቃን። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳልና የዌይል ፊሊክስ ምርመራ በቀላሉ ይሳሳታል፣ ጤነኛ ሰውም ፖዘቲቭ ይላል። ይሄን የምለው እያዘዙኝ የምሠራው እኔ ነኝ።


ሲስተር_ዘ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ለተራ ዜጋ፦ ግማሹ ልክ ነህ፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። ከፎገራ የተመለሰ፣ ያውም ወባ በሌለበት አገር ያደገ ልጅ ካተኮሰው መጀመሪያ የሚሠራው የወባ ደም ነው፤ ወባ ሕፃንን በሰዓታት ሊጥል ይችላል፣ ላይም እንዲያ አያደርግም። ግን የወባው ውጤት ኔጌቲቭ ሆኖ ክቡ እየሰፋ ከሄደ «አለቀ» አይባልም። ሁለቱንም አብሮ ማየት ነው።

ከወደ ቨርጂኒያ፣ የወባው መከላከያ ማላሮን ከሆነ ከወተት ወይም ከምግብ ጋር ስጪው፣ በባዶ ሆድ አይደለም። ፍጭት አድርገሽ ወተት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከው መድገም አለብሽ። የተፋባቸውን ቀናት ለሐኪሙ ንገሪው። ጎዶሎ ቀን ስላለ አጎበሩን አትርሱ።

ዛሬውኑ ሂዱ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የሕፃናት ሐኪም አለ። ስትገቡ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ከቨርጂኒያ ነው የመጣነው፣ እዚያ አጋዘን ያለበት ጫካ ዳር ይጫወት ነበር» በይ። ዜጌንና ፎገራን በኋላ ታነሺዋለሽ። እዚህ የሚሠራ ሐኪም የላይምን ክብ በመጽሐፍ እንጂ በአካል ላያየው ይችላል፣ ጥፋቱ አይደለም፣ በሽታው የኛ አይደለም። አንቺ ከየት እንደመጣሽ ካልነገርሽው ግን ጭርት ብሎ ቢመልስሽ አልፈርድበትም።

ለሴቷ ልጅ ምንም መድኃኒት አያስፈልጋትም። እህትሽ የሰማችው እዚያ ያለውን ነገር ነው፦ የላይም መዥገር ጠጥቶ ሲያብጥ ተነቅሎ 72 ሰዓት ካላለፈ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን አለ። ያ ለዚያ መዥገር ነው። ለፎገራ መዥገር አይሰጥም። ሁለት ሳምንት አይንሽን ጣይባት፤ ካተኮሳት፣ ጥቁር ቅርፊት ከወጣ፣ ከጆሮዋ ሥር ንፍፊት ካበጠ አምጫት።


እትዬ_ጣና
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡15

ሲስተር፣ ቅቤውስ ምን አደረገ? ላምባውስ?


ሲስተር_ዘ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡02

እማማ፣ ቅቤ መዥገሩን ቶሎ አይገድለውም፤ አየር የሚስበው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት ታፍኖ መቆየት ይችላል። ያን ሁሉ ሰዓት አፉ ቆዳ ውስጥ ነው። ላምባና ክብሪት ደግሞ ያስደነግጡታል፣ የሕፃኑን ቆዳም ያቃጥላሉ። እናት ከሽምብጥ ያደረገችው ነው ትክክሉ፦ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ፣ ሆዱን ሳይሆን ቆዳው ጋ ያለውን ራሱን መያዝ፣ ሳይጠመዝዙ፣ ሳይነቀንቁ፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ቀስ እያሉ መሳብ። ትንሽ ይይዛል፣ መታገስ ነው። ከዚያ በሳሙና ማጠብ። አፉ ተቆርጦ ቢቀርም ልጁን በመርፌ አትፈልፍሉት፣ ቆዳው ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። በጥፍር መጨፍለቅ ግን ይቅር፣ ደሙ ጣት ላይ ይፈሳል።


እትዬ_ጣና
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡10

እኛማ በጥፍራችን ነበር ጧ የምናደርገው። እሺ ልጄ፣ ዘመኑ የናንተ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ለጭርት አልተውም።


እናት_ከሽምብጥ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡20

ስለጠየቃችሁን ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልን። ትናንት ከሰዓት ሄድን።

ወረፋው ረጅም ነበር፣ ሌላውን ልዝለለው። ሐኪሟ ወጣት ናት። እህቴ ሲስተር እንዳለችው ከቨርጂኒያ ጀመረች። ሐኪሟ እስክሪብቶ የተሰመረበትን አይታ ሳቀች፣ «ማን ነው ያስተማራችሁ?» አለች። ክቡ ከመስመሩ ዙሪያውን በአንድ ጣት ያህል አልፎ ነበር። በሜትር ለካችው፣ 8 ሳንቲ ሜትር። ጉልበቱን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ፊቱን ዓይንህን ጨፍን፣ ጉንጭህን ንፋ እያለች አየችው፣ ልቡን አዳመጠች። የወባ ደም አሠራች፣ ነፃ ነው። ስልኳን አውጥታ ሌላ ሐኪም አማከረችና አሞክሳሲሊን በኪሎው ልክ ለ14 ቀን አዘዘችለት። ዶክሲሳይክሊን ለትንሽ ልጅ ጥርስ አያበላሽም ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ለአጭር ጊዜ ሲሆን እንደ ድሮው አይከለከልም፣ ግን ክቡ ብቻ ላለበት ልጅ አሞክሳሲሊን በቂ ነው አለችኝ።

አንድ ነገር አስጠንቅቃን ነበር፤ ባትነግረን ኖሮ ማታውኑ ይዘነው እንሮጥ ነበር። መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ ሊብስ ይችላል፣ ጀርሙ ሲሞት ነው፣ አትደንግጡ፣ መድኃኒቱንም አታቁሙ አለችን። እውነትም ሌሊቱን አተኮሰው፣ ጠዋት ለቀቀው። ከሰዓት ፍርፍር ጠየቀ። እህቴ ተኝታለች፣ ከመጣች ጀምሮ ቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም።

ነገ የአያታቸው ውሻ ከፎገራ ይመጣል፣ ልጆቹ ካላመጣችሁት ብለው ነው። እንደምንም አስቀረሁት ስል የልጄ አባት እሺ ብሏቸዋል። አሁን ደግሞ የውሻው መዥገር ሊያስፈራኝ ነው። ዶክተር፣ ምን ላድርግ?


የከብት_ሐኪም
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

ደስ ብሎኛል። ሐኪሟም ጎበዝ ናት፣ ሰው ማማከሯን ወድጄላታለሁ።

ውሻው ቤት ከመግባቱ በፊት ግቢ ውስጥ ፈትሹት፤ ጆሮው ውስጥ፣ አንገቱ ሥር፣ የጣቶቹ መሀል። የውሻ መዥገር ቡናማ ነው፣ ከሌሎቹ የሚለየው ቤት ውስጥ መራባት መቻሉ ነው። ጠግቦ ይወርድና ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከምንጣፍ ሥር ይጥላል፣ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል። ስለዚህ ልጆቹ አልጋ ላይ አይውጣ። መኝታው የሚታጠብ ጨርቅ ይሁንና በፈላ ውሃ ይታጠብ። መድኃኒቱ በውሻው ክብደት የሚሰጥ ነው፣ ከከብቱ ጠርሙስ ቀንሳችሁ እንዳትቀቡት፤ ይሄ ለፎገሬውም ይመለከታል። እግረ መንገዳችሁን የእብድ ውሻ ክትባቱን አስከትቡት፣ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ እሱ ከመዥገሩ ይብሳል። የእንስሳት ክሊኒክ ሰኞ ጠዋት ብትወስዱት ይሻላል፤ ማክሰኞ ሰው ይበዛል።


ፎገሬው
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡11

ገብቶኛል ዶክተር 😅 ጠርሙሱን ቆልፌበታለሁ።